ሠሪ በሥራው ላይ ዳኛ ይሆናልን?

ቨርጂኒያ በተባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ከከተማ ርቃ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ዕድሜውን በቶርኖ ሥራ አሳልፎ ጡረታ ከወጣ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ደክሞ በገዛ እጁ አውሮፕላን የሠራ አንድ ሽማግሌ ወዳጅ አለኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእርሱ ዘንድ እየሄድሁ መብራት ስይዝለት፣ ጨርቅ ሳቀብለው፣ ሲሠራም ዝም ብዬ ስመለከተው የቆየሁ ሰው ነኝ። አንድ ቅዳሜ ጧት የሃንጋሩን በር ከፍተን ስንገባ፣ በነጩ የሲሚንቶ ወለል ላይ ከአውሮፕላኑ የግራ እግር ሥር ሳንቲም የምታህል ቀይ የዘይት ጠብታ አየን። ከዚያች ጠብታ ተነሥቶ ወራት የፈጀው ፍለጋ በእርሱ ዘንድ የእጅ ሥራ ሆኖ ሲጀመርና ሲፈጸም፣ በእኔ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ ያልተወኝን አንድ ጥያቄ አሳደረ፤ ይኸውም የሠራ እጅ የሠራውን ለመመርመር የታመነ ይሆናልን? ሰውስ በገዛ ሥራውና በገዛ ነፍሱ ላይ እውነተኛ ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላልን? የሚል ነው።

ጥያቄው ከአውሮፕላን ጋር የተገናኘው በአጋጣሚ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብሎ አብዛኛውን ክፍል ራሱ የሠራውን አውሮፕላን እንዲያበር ይፈቅድለታል፤ በመግቢያው አጠገብም ቁመቱ ከ5 ሴንቲሜትር በማያንስ ፊደል «ለሙከራ» የሚል ቃል ያስጽፈዋል፤ ተሳፋሪው ሊያነበው በሚችልበት ስፍራ ደግሞ አውሮፕላኑ ሙያተኛ ባልሆነ ሰው እጅ የተሠራ እንደ ሆነና ለመደበኛ አውሮፕላኖች የወጣውን የደኅንነት ደንብ እንደማያሟላ የሚያስታውቅ ማስጠንቀቂያ ያስለጥፈዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ሠሪው ባመለከተና ዋናው ሠሪ እርሱ ለመሆኑ ማስረጃ ባቀረበ ጊዜ መንግሥት የጥገና ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ በዚህም ወረቀት ሥልጣን በየ12 ወሩ መደረግ ያለበትን ምርመራ ራሱ ያደርጋል፣ አውሮፕላኑ ለመብረር ደኅና መሆኑንም በመዝገቡ ላይ ራሱ ይፈርማል። ሥልጣኑ ለዚያ ለአንዱ አውሮፕላን ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ ቢሸጥ እንኳ ገዢው ሥልጣኑን አብሮ አይገዛም። ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት፣ አንድን ነገር ከሠራው ሰው ይልቅ የሚያውቀው ማን አለ? ብለው ይመስለኛል። ሐሳቡ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ማወቅ ሌላ ነው፣ መፍረድ ሌላ ነው፤ አባቶቻችን «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ያሉት ቆራሹ የእንጀራውን መጠን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

እግሮቹ የሚታጠፉለት አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለ እግሮቹን አጥፎ ወደ ሆዱ የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ በዘይት ግፊት ነው። በታሸገ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀነስ ወደ አቅጣጫው ሁሉ እኩል እንደሚዳረስ ያስተማረን፣ በ1623 ተወልዶ በ1662 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በ39 ዓመቱ ያረፈው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው፤ ስለ ፈሳሾች ሚዛን የጻፈው ድርሳንም በሞተ በዓመቱ በ1663 ታተመ። ይህ ሰው የተፈጥሮን ሕግ መርማሪ ብቻ አልነበረም። በኖቬምበር 23 ቀን 1654 ሌሊት ነፍሱን ያነደደ መንፈሳዊ ነገር ደርሶበት፣ በዚያች ሌሊት የጻፈውን ወረቀት በልብሱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ስምንት ዓመት ያህል ለማንም ሳይገልጥ ተሸክሞት ኖረ፤ አገልጋዩ ያገኘው ፓስካል ከሞተ በኋላ ነው። በታሸገ ዕቃ ውስጥ የሚሆነውን ነገር የገለጠልን ሰው ራሱ ኅቡእ ነገር በደረቱ ላይ ታሽጎ የኖረ መሆኑን ሳስብ፣ የግፊትን ሕግ ከሕሊና ሕግ ለይቼ ለማየት ይቸግረኛል። በታሸገ ዕቃ ውስጥ አንዱ ማዕዘን ተነክቶ ሌላው ሳይሰማ አይቀርምና፤ ሰውም በልቡናው አንድ ስፍራ ላይ የያዘው ነገር በሌላው ስፍራ ሁሉ ይገፋዋል።

ሕጉ የሚጸናው ግን ዕቃው የታሸገ ሲሆን ብቻ ነው፤ የሰው ልጅም ኃይልን ከማግኘት ይልቅ ኃይልን ሳያፈስ መያዝ ሲያስቸግረው ኖሯል። በ1795 ጆሴፍ ብራማ የተባለው እንግሊዛዊ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራውን መጭመቂያ በስሙ ባስመዘገበ ጊዜ፣ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚያመልጠውን ውሃ መከልከል ዋና ጭንቀቱ ሆነ፤ አጥብቆ ቢያሽገው ፒስተኑ አልንቀሳቀስ ይላል፣ ቢያላላው ደግሞ ውሃው ያመልጣል። መፍትሔውን ያመጣው በእርሱ ዘንድ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሊ እንደ ሆነ ይነገራል፤ እርሱም የቆዳ ቀለበት እንደ ጽዋ አጥፎ አፉን ወደ ግፊቱ በማዞር፣ ሊያመልጥ የሚታገለው ፈሳሽ ራሱ ቆዳውን ከብረቱ ጋር እንዲያጣብቅ አደረገ። ዛሬ በቆዳው ፈንታ የገባውን የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮች ኦሪንግ ወይም በደፈናው ጎሚኒ የሚሉትን፣ ከዴንማርክ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ኒልስ ክሪስተንሰን ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ በ1937 አመልክቶ በ1939 የባለቤትነት መብት አገኘበት። ይህ ቀለበት በተቆፈረለት ቦይ ውስጥ ጥቂት ተጨምቆ ይቀመጣል፤ ዘይቱ ሲገፋው ወደ ክፍተቱ ይጠጋና ይደፍነዋል፤ ግፊቱ በጨመረ መጠን እርሱም እየጠበቀ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ያረጀ ቀለበት በከፍተኛ ግፊት ጊዜ ዘይቱን ይዞ፣ ግፊቱ ሲበርድ እንደ አሮጌ እንስራ ያዣል። ይህን ከሽማግሌው በሰማሁ ጊዜ፣ ሁለት ወር ያህል የዐቢይ ጾምን በጽናት ጾመው በፋሲካ ማግሥት በአንድ ቀን የሚፈቱትን፣ ከእነርሱም አንዱ የሆንሁትን እኔን አሰብሁ። ሰው የተመሰገነበትን ጽናቱን ብቻ ቢመረምር ራሱን አያገኘውም፤ ግፊቱ በበረደበት ሰዓት ወለሉን ማየት አለበት።

መካኒኮች ሁለት ዓይነት ፍሰት ለይተው ያውቃሉ፤ እኔ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ አፍአዊና ውሳጣዊ ብዬ ልጥራቸው። አፍአዊው ፍሰት የፒስተኑ ዘንግ ከሲሊንደሩ በሚወጣበት አፍ ላይ ወይም በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ጎሚኒ ሲደክም ዘይቱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ነው፤ ወለሉን ያቀላል፣ እጅን ያቆሽሻል፣ የማጠራቀሚያውን ጋን ዘይትም ያጎድላል፤ ስለዚህ ባለቤቱን ያሳፍረዋል። ውሳጣዊው ግን በሲሊንደሩ ሆድ ውስጥ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት ሲበላሽ የሚሆን ነው። ፒስተኑ የሲሊንደሩን ሆድ ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንዱ ወገን ዘይት ሲገባ እግሩ ይታጠፋል፣ በሌላው ወገን ሲገባ ይዘረጋል፤ ቀለበቱ ከተበላሸ በማጠፊያው ወገን የታሸገው ዘይት በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ወደ መዘርጊያው ወገን ያልፍና በዚያ በኩል ተመልሶ ከጋኑ ይገባል። አንዲት ጠብታ አትጠፋም። ጋኑ ሙሉ ነው፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ሲሊንደሩም ያብረቀርቃል፤ የሚጎድለው ኃይሉ ብቻ ነው።

የወዳጄ አውሮፕላን፣ በግለሰቦች እጅ እንደሚገጣጠሙት እንደ ላንሴር 320 እና 360 ሁሉ፣ የታጠፉትን እግሮች በአየር ላይ ይዞ የሚያቆይ መንጠቆ የለውም፤ የሚይዛቸው በቱቦው ውስጥ ታሽጎ የቀረው በካሬ ኢንች 1000 ፓውንድ ያህል የሚሆን ግፊት ብቻ ነው። ግፊቱ ዝቅ ሲል የግፊት ማብሪያው ፓምፑን ያስነሣዋል፣ ፓምፑም ግፊቱን መልሶ ይሞላና ዝም ይላል። በደኅናው ጊዜ አንድ ጊዜ የታጠፈ እግር እስከ ማረፊያው ሰዓት ፓምፑን አይጠራም ነበር። ጠብታዋን ባየንበት ወራት ግን ፓምፑ በየ40 ደቂቃው፣ ቆይቶም በየ15 ደቂቃው፣ በመጨረሻም በየ6 ደቂቃው ይነሣ ጀመር። ሽማግሌው የግራውን እግር ሲሊንደር ፈታ፤ የዘንጉን ጎሚኒ ለወጠ፤ ዘንጉን ሲያየው ጠጠር የጫረው ቀጭን ጭረት ስላገኘበት ዘንጉንም ለወጠ፤ ጠብታዋ ቆመች። ፓምፑ ግን በየ6 ደቂቃው መነሣቱን አልተወም። እንደገና ፈታ፣ እንደገና ለወጠ። ሦስተኛ ጊዜ ፈታው። ሦስቱን ጊዜ ሁሉ የፈታው ያንኑ የግራውን ሲሊንደር ነው።

ለምን ያንኑ? ብዬ ልጠይቀው አልደፈርሁም፤ ምክንያቱን ግን ኋላ ራሱ ነገረኝ። የግራውና የቀኙ ሲሊንደሮች ተሠርተው የተገዙ ናቸው፤ የአፍንጫውን እግር ሲሊንደር ግን የሚገኘው ሁሉ ልክ ስላልሆነለት በአንድ የብርድ ወራት ከጡብ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ በገዛ ቶርኖው የቆረጠው፣ ውስጡንም መስተዋት እስኪመስል ድረስ ያለሰለሰው እርሱ ነው፤ ሚስቱ በታመመችበት ክረምት ስለ ሆነም ያ ብረት በእርሱ ዘንድ ከብረት በላይ ነበር። ስለዚህ ልቡ ሳያውቀው ጥርጣሬው ሁሉ ከተገዛው ዕቃ ላይ ያርፍ ነበር፤ ጠብታዋም ደግሞ በእውነት ከዚያው ወርዳለችና የሐሰት ምስክር ሳትሆን የሚያስት ምስክር ሆነችለት። በትንሿ በደል ላይ ደጋግሞ ንስሐ እየገባ ትልቁን ሳይናዘዝ የሚኖር ሰው እንዲህ ይመስለኛል። ትንሿን የሚናዘዘው ግብዝ ስለ ሆነ ላይሆን ይችላል፤ እርሷ በገሃድ ስለምትታይና ስትጠረግም ደስ ስለምታሰኝ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀለበቱም ጥቂት መናገር ይገባኛል፤ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» የሚለው ተረት እንደ እርሱ የሚስማማው ፍጡር አላየሁምና። ሲሊንደር ባፈሰሰ ቁጥር ሁሉም የሚወቅሰው ጎሚኒውን ነው፤ እርሱን ጥሎ አዲስ ማግባትም ጥገና ይባላል። ነገር ግን ቀለበት በራሱ እምብዛም አይበድልም። ሲገባ በብሎን ጥርስ ላይ ተጎትቶ ይቆረጣል፤ ቦዩ ጥልቅ ሆኖ ከተቆፈረ ሳይጨመቅ ይቀራል፤ ግፊቱ ሲበዛ ደጋፊ ቀለበት ካልተደረገለት ወደ ክፍተቱ ተጎትቶ ይታኘካል፤ እግሩ ተጣሞ ከተገጠመ ዘንጉ ጎኑን እየጫነ ይበላዋል፤ ቀዩን የማዕድን ዘይት እንዲችል የተሠራው ጎማ የመኪና ፍሬን ዘይት ቢገባበት አብጦና ለስልሶ ይበሰብሳል። ቅጣቱን የሚቀበለው እርሱ ነው፤ በደሉ ግን የእጅ፣ የልክ፣ የመቸኮል፣ የመርሳት ነው። ምክንያቱን ሳይጠይቁ ቀለበቱን ብቻ መለወጥ፣ ልጁ ሲሰርቅ የሰረቀውን ቀምቶ እንደ መመለስ ያለ ነገር ነው፤ ዕቃው ተመልሷል፣ ልጁ ግን እንደ ነበረ ነው።

ዓለም ሁሉ ስለ ጎማ ቀለበት የሰማው በጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሰከንድ ተሰባብራ ሰባት ሰዎች በሞቱ ጊዜ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በመርማሪዎቹ ጉባኤ ፊት በሮኬቱ መጋጠሚያ የነበረውን ዓይነት የቀለበት ጎማ በብርጭቆ ካለ የበረዶ ውሃ ነክሮ፣ ከብርድ የተነሣ ወደ ቅርጹ ቶሎ አለመመለሱን በዓይን አሳየ። ሰው የሚያስታውሰው ይህን ብርጭቆ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከመነሣቷ በፊት የነበረችው ሌሊት ናት። የሮኬቱን ክፍል የሠራው የሞርተን ታዮኮል ድርጅት መሐንዲሶች በዚያ ብርድ መነሣት እንደማይገባት ተናግረው ነበር፤ አለቆቻቸው ግን ለብቻቸው መክረው ፍርዱን ገለበጡት። ቀድሞ በሄዱት ጉዞዎች ቀለበቱ ተቃጥሎ የተመለሰበት ጊዜ ነበረ፤ ሰዎቹ ግን በደኅና በመመለሳቸው፣ የማስጠንቀቂያው ምልክት እንደ ልማድ ተቈጠረ። እነዚህ ሰዎች ዕውቀት አልጎደላቸውም። ከሚመረምሩት ነገር አንድ የተወሰነ መልስ ይፈልጉ ነበር፤ መልሱን አስቀድሞ የሚፈልግ መርማሪም ሚዛኑን በእጁ ይዞ በጣቱ የሚጫን ነጋዴ ነው።

ይህን ስል አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይገጥመኛል፤ እርሱንም ሳልመልስ ማለፍ አይገባኝም። በሃይማኖታችን ፈጣሪና ፈታሒ አንድ ነው፤ ዓለምን የሠራት እርሱ ነው፣ የሚፈርድባትም እርሱ ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያም የሠራውን ሁሉ አይቶ መልካም መሆኑን የመሰከረው ሌላ መርማሪ ሳይጠራ ነው። እንግዲህ ሠሪ በሥራው ላይ ዳኛ መሆኑ በእግዚአብሔር ዘንድ ፍጹም ፍትሕ ከሆነ፣ በሰው ዘንድ ስለ ምን ያሠጋል? ሰው ዕውቀቱ ጎዶሎ ስለ ሆነ ነው ይባላል፤ መልሱ ግን በቂ አይደለም፤ ሽማግሌው ስለዚያ ሲሊንደር የማያውቀው ነገር አልነበረምና። እኔ የደረስሁበት መልስ ይህ ነው፦ እግዚአብሔር ከፍጥረቱ ክብር አይበደርም። ፍጥረቱ ብትበላሽ እርሱ አይጎድልም፣ ብታምርም አይጨመርለትም፤ ስለዚህ ሥራውን እንደ ሆነ አድርጎ ያያል። ሰው ግን ከሠራው ነገር ራሱን ይበደራል፤ የእጁ ሥራ ነውር ሲገኝበት እርሱ ራሱ የተነወረ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ምርመራው ሲጀመር የሚመረመረው ሲሊንደሩ መሆኑ ይቀርና እርሱ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። በአንድ ችሎት ተከሳሽም ዳኛም የሆነ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። እንግዲህ የሚያሳውረን ፍቅር ነው ማለት ነው። ፍቅሩ ባይኖር ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ማን ይደክማል? ሠሪውን ሠሪ ያደረገው ነገርና ሠሪውን ዳኛ እንዳይሆን የከለከለው ነገር አንድ ናቸው፤ የነገሩም ክብደት በዚህ ነው።

የፍለጋው መንገድ የተለወጠው በአንድ ጥያቄ ነው። በጎን ካለው ሃንጋር አውሮፕላን የሚያድስ ሌላ ሰው ቡናውን ይዞ መጣና፣ ሽማግሌው አራተኛ ጊዜ የግራውን ሲሊንደር ለመፍታት ቁልፍ ሲያነሣ አይቶ፣ «ይህ አውሮፕላን የእኔ ቢሆንና ጋኑ ሙሉ፣ ወለሉ ደረቅ፣ ፓምፑ ግን በየ6 ደቂቃው የሚነሣ ነው ብዬ ብነግርህ፣ ከየት ጀምር ትለኝ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ሽማግሌው ሳያመነታ፣ ውሳጣዊ ፍሰት ነውና ሦስቱንም ሲሊንደሮች አንድ ባንድ ለይተህ ፈትን እልህ ነበር አለ። ይህን ተናግሮ ቁልፉን በጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ብዙ ጊዜም ዝም አለ። በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ነቢዩ ናታን በንጉሡ በዳዊት ፊት የቆመበት ታሪክ ነው። ናታን ንጉሡን በቀጥታ አልከሰሰውም፤ የድሀውን አንዲት በግ የወሰደ ባለጠጋ ነገር እንደ ሌላ ሰው ነገር አድርጎ ነገረው፤ ዳዊትም የተከሰሰው እርሱ መሆኑን ሳያውቅ ቅን ፍርድ ፈረደ። ዳዊት ፍርድ የማያውቅ ንጉሥ አልነበረም፤ ፍርዱ በልቡ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ተቀምጦ ነበር፣ በራሱ ስም የተጻፈ ክስ ሲሆን ብቻ አልወጣ ብሎ ነው። ናታን አዲስ ዕውቀት አላመጣለትም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር የተከሳሹን ስም ከክሱ ላይ ለጥቂት ጊዜ መሸፈን ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራው ብቻ ነበር። አውሮፕላኑን በክሪክ አነሡት፤ እግሮቹን አጠፉ፤ የሚይዛቸው ግፊት ብቻ ስለ ሆነ ከበታቻቸው ማንም እንዳይገባ አደረጉ። ሽማግሌው መጋጠሚያ ሁሉ በእጅ እየተዳሰሰ እንዳይፈተሽ አስጠነቀቀኝ፤ በዚያ ግፊት ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባልና፣ ፍለጋው በካርቶን ቁራጭ ነው። እግሮቹ ታጥፈው ሳሉ የመዘርጊያው ቱቦ ግፊት ስለሌለበት፣ እርሱን ከአንዱ ሲሊንደር ፈትተው የቱቦውን ጫፍ ደፈኑ፤ ከተከፈተው የሲሊንደሩ አፍ ሥርም የመስታወት ዕቃ አኖሩ። መጀመሪያ የሚወርደው በሆዱ የቀረው ዘይት ስለ ሆነ እንደ ማስረጃ አይቈጠርም፤ ያ እስኪቆም ይጠበቃል። ከቆመ በኋላ በማጠፊያው ወገን ግፊት እያለ እንደገና የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ያ ዘይት በፒስተኑ ጎን ሾልኮ የመጣ ነውና ሌላ ምስክር አያሻውም። የግራውን አዩ፤ ደረቀ። የቀኙን አዩ፤ ደረቀ። ሦስቱም ቢደርቁ ኖሮ ጥርጣሬው በጭንቅ ጊዜ እግሮቹን ለማውረድ ወደሚከፈተው ቫልቭና በፓምፑ ውስጥ ወዳለው መላሽ ቫልቭ ያልፍ ነበር። የአፍንጫውን እግር ሲሊንደር ሲከፍቱ ግን ዘይቱ ቆሞ ከነበረበት እንደገና ጀመረ፤ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ጠብታ፣ ሳያቋርጥ።

ሲሊንደሩ ሲፈታ ነውሩ ተገኘ። ዘይቱ በሚገባበት ቀዳዳ ጫፍ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በዓይን የማይታይ በጥፍር ብቻ የሚዳሰስ የብረት ስለት ቀርቶ ነበር፤ ፒስተኑ ሲገባ ቀለበቱ በዚያ ላይ አልፎ እንደ ምላጭ ጠርቦታል። ያ ሁሉ የለሰለሰ መስተዋት የመሰለ ብረት ያለ ነውር ነበር፤ የተረሳው ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ጠርዙን ማለዘብ ብቻ ነው።

ደግሞም ሌላውን ስሕተት ላለመፍቀድ ይህን እጨምራለሁ። ጥርጣሬ ሁሉ ንስሐ አይደለም። በሞቃት ቀን ከምድር ተነሥቶ ወደ ብርዱ ከፍታ የወጣ አውሮፕላን በቱቦው የታሸገው ዘይት ቀዝቅዞ ስለሚኰማተር፣ ምንም ሳይፈስ ግፊቱ ይወርድና ፓምፑ አንድ ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ ይህን ፍሰት ነው ብሎ ደኅናውን ሲሊንደር የሚያፈርስ ሰው ያልነበረ ነውር በእጁ ያስገባበታል። ፍሰት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከፍታውም ብርዱም ከረጋ በኋላ የፓምፑ አነሣሥ እንደ ቀጠለ ወይም እንደ ቆመ ሲታይ ነው። ያልሠሩትን ኃጢአት እየተናዘዙ ነፍሳቸውን ዕለት ዕለት የሚያፈርሱ ምእመናን አይቻለሁ፤ በጎ የነፍስ አባት እነዚህን ሲቈጣ የሚያደርገው ምሕረት ነው።

የነፍስ አባት ሥርዓት ለምን አስፈለገ? ለሚለውም፣ በዚህ ሃንጋር ውስጥ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ የተማርሁ ይመስለኛል። እግዚአብሔር ኃጢአታችንን ሳንነግረው ያውቃል፤ እኛም እናውቀዋለን፤ ታዲያ ሦስተኛ ሰው የሚቀመጠው ዕውቀት ሊጨምር አይደለም። የተቀመጠው ነውራችን ቢገኝ የማይነወር፣ ንጽሕናችን ቢገኝ የማይከብር፣ ስለዚህም የሰማውን እንደ ሰማው ሊመዝን የሚችል አንድ ልብ በመካከል እንዲኖር ነው። በ1953 የተመሠረተው የአሜሪካ የሙከራ አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ልምድ ያላቸውን አባሎቹን የቴክኒክ አማካሪ አድርጎ ይመድባል፤ እነዚህም ያለ ደመወዝ ወደ ሠሪው ቤት ሄደው ሥራውን ያዩለታል። የመፈረምም የመከልከልም ሥልጣን የላቸውም፤ ያላቸው የሌላ ሰው ዓይን ብቻ ነው። ሕጉ ለሠሪው ፊርማውን ተወለት፤ ማኅበሩ ደግሞ ምስክሩን ላከለት። እኔም በጉዳዩ ላይ ያለኝ ፍርድ ከዚህ አይርቅም፤ ሠሪ የሥራው መርማሪ ይሁን፣ ከእርሱ የሚሻል የለምና፤ ፍርዱን ግን በዚያ ሥራ ከማይከብርና ከማያፍር ሰው ጋር ሆኖ ይስጥ።

ሽማግሌው የቀዳዳውን ጠርዝ በእጁ አለዘበ፤ አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀብቶ አገባው፤ አውሮፕላኑም በክሪክ ላይ እንዳለ እግሮቹን አጥፎ አንድ ሰዓት ቆየ። ጎረቤቱ ሰዓቱን ይዞ፣ እኔም መብራቱን ይዤ አጠገቡ ነበርን፤ ፓምፑ አልተነሣም። ከዚያ መዝገቡን አወጣና ቀኑን፣ የተሠራውን ሥራና የተለወጠውን ቀለበት ጻፈ። ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ፊርማ ስለ ሆነ የጎረቤቱ ስም በመዝገቡ ላይ የለም፤ ሽማግሌው ግን ከፊርማው በላይ፣ ማንም ሳያዘው፣ «በሁለት ሰዎች ዓይን ታይቷል» የሚል መስመር ጨመረበት።